ላስቲኩ ያልተላጠ መደገፊያ

በሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ አዲስ ዕቃ ከነላስቲኩ የሚያኖር ኃላፊ ያየሁት። ሶፋ ቢሆን ማን ይደነቃል? የእኛስ ቤት ሶፋ መች ተላጠ! ሰውዬው ግን እዚሁ ሐዋሳ፣ ቱላ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ያስተዳድራል፤ በላስቲክ ያስቀመጠውም የመጸዳጃ ቤቱን የእጅ መደገፊያ ብረት ነው! እዚያ የምትኖረው አያቴ ጉልበቷ ከድቷታል። ብረቱን ስትይዘው እጇ ሙልጭ! ደግነቱ አብራን የነበረችው እናቴ ከኋላ አፈፍ አደረገቻት።

ኃላፊው እየሮጠ መጣ። «እማማ፣ ጎብኚዎች እስኪያዩት ትንሽ ይታገሱ፤ አዲስ ነዋ!»

«ታዲያ ልጄ፣ እስከዚያ በዓይኔ ልደገፈው?» አለችው አያቴ።

እስቲ ፍረዱኝ! ብረቱ እንዳይጫር ተብሎ የአያቴ ዳሌ ይሰበር?

እናቴ ከወጥ ቤቱ ቢላ ለምና አመጣችና ላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ላጠችው።