ለነጻ ጉልበት ዋስ ይቅረብ

የእማማ አሳየች ጣሪያ ሳይጠገን ክረምት ገባ። ቆርቆሮው አልጠፋም፤ በኮሚቴው መጋዘን ተቆልሏል። ቆርቆሮ የሚመታ ሰውም አልጠፋም። የጠፋው ዋስ ነው።

ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ሠፈር የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ጉተማ እጅግ አርቆ አሳቢ ናቸው። ከራሳቸው በላይ ያሰቀሉት ባነር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል፤ ከባነሩ ሥር የሚቀመጡት እሳቸው ደግሞ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ይላሉ። ሁለቱን ለማስታረቅ መመሪያ ወጣ፦ ማንኛውም በጎ ፈቃደኛ ዋስ ይዞ ይቅረብ።

መጀመሪያ የቀረበው ወሰን አካባቢ ጋራዥ ያለው ሙክታር ነበር።

«ጋሼ፣ መሰላሉ የኔ፣ መዶሻው የኔ፣ ጉልበቱም የኔ። ዋሱ ለምኑ ነው?»

«ስማ ልጄ። ደመወዝተኛ የሚፈልገው ይታወቃል፤ ደመወዙን ነው። በነጻ የሚሠራ ሰውስ ምን አስቦ ነው?»

አቶ ጉተማ ይህን ተናግረው በገዛ ጥበባቸው ለአፍታ ተደመሙ።

ሙክታር እህቱን ሐቢባን አመጣ። ዘመድ ለዘመዱ ይሸፍናል ተብላ ተመለሰች። ጎረቤቱን አመጣ። ሳይዛመደው ዋስ የሚሆንለት ምን ቢያገኝ ነው ተብሎ እሱም ተመለሰ። ሦስተኛው፣ ለዋስነቱ ዋስ እንዲያመጣ ታዘዘ። እማማ አሳየች በበኩላቸው አልጋቸውን ከጥግ ጥግ ሲያዛውሩ ከርመው የማያፈስ ጥግ አለቀባቸውና ሳፋ ደቀኑ።

በመጨረሻ ሙክታር መሰላሉን ጭኖ ሄደ። ኮሚቴውም እማማ አሳየች በተገኙበት ተሰብስቦ፣ ከመጋዘኑ አንድም ቆርቆሮ አለመነካቱን በጭብጨባ አጸደቀ።

ጸሐፊዋ ዶርቃ ብቻ አላጨበጨበችም።

«ጋሼ፣ ሰብሳቢነቱም እኮ በነጻ ነው። የእርስዎ ዋስ ማን ነው?»

አቶ ጉተማ ሳቁ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኙ። አባላቱ በሙሉ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል።

«ኧረ በሉ እንጂ! ስንት ዓመት ስንተዋወቅ!»

«ስለምንተዋወቅ እኮ ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

እማማ አሳየች ከጥግ ተነሡ። «አቶ ጉተማ፣ እኔ ዋስ እሆንልዎታለሁ። ቆርቆሮውን ብቻ ይልቀቁልኝ።»

የሰብሳቢው ዓይን እንባ አቀረረ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሚያምናቸው አንድ ሰው ተገኘ! ግን መመሪያ መመሪያ ነውና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። የእርስዎስ ዋስ ማን ነው?»

እማማ አሳየች ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ በሩ አመሩ።

«በሉ እናንተ ተሰብሰቡ፤ እኔ ሳፋው ሞልቶ ሳይፈስ ልድረስ» አሉና ወጡ። በሩንም ዘጉባቸው።