ጀልባው ይቆይ

እናንተዬ፣ የታሪክ መጨረሻ ካልተናገረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ነው።

የልጅ ልጄ የስደተኞች ልቦለድ ታነብልኝ ነበር። ከየአገሩ የተሰደዱ የአፍሪካ ልጆች ናቸው፤ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለው ጀልባ ይጠብቃሉ። እዚያ ላይ ስትደርስ "በቃሽ፣ ዝጊው" አልኳት። ለምን አትሉኝም? የኔው ልጅ "ሊቢያ ገባሁ" ብሎ ከደወለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እነዚህ ቢሰምጡብኝ እኔ ምን ልሆን ነው?

ኦቦ ገመቹ ታዲያ መጽሐፉን ከልጅቷ ተውሶ ጨርሶት አረፈ! ከሰበታ ገበያ ስመለስ ታክሲ ውስጥ መጥቶ አጠገቤ ዘፍ አለ።

"አካም ጂርቱ እማማ? ያ ጀልባ እኮ..."

"ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ።

"እማማ፣ ሰፈርዎ ገና ነው" አለኝ ረዳቱ።

"አውርደኝ አልኩህ!"

መንገድ ላይ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ወረድኩ። ጎመኔን ታቅፌ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ! ጅብ ቢያባርረኝ እንኳ እንደዚያ አልሮጥም። እሱ ደግሞ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የሆነ ነገር ይጮህልኛል። ደግ ይሁን ክፉ እኔ ምኑን ሰምቼው፣ ጆሮዬን በነጠላዬ ደፍኜ።

አሁን ደግሞ ይቺው ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ትነዘንዘኛለች።

"አያቴ፣ እነዚያ ሰዎች እስከ መቼ ባሕሩ ዳር ይቀመጣሉ? በረዳቸው እኮ!"

"ብርዱ ይሻላቸዋል። አጎትሽ ሲደውል ይሳፈራሉ።"