ለሽበት ተሳስተዋል አይባልም

[ቤርሸባ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሁለት ፎቆች መካከል ያለ፣ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ያለበት ግቢ። አባባ አምባው በባትሪ የምትሄደው የአዛውንት ወንበራቸው፣ ቃልኖዒታቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤታቸው አባባ አየሉ ባለ ጎማ የገበያ ጋሪያቸውን ይዘው ቆመዋል። ሁለቱም አንዳንድ የእጅ ሬዲዮ ይዘዋል። የአምባው የልጅ ልጅ ሃዳስ ሦስተኛውን ሬዲዮ ይዛ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ወጥታለች። ነገ ጠዋት የበረራ ተቆጣጣሪነት ፈተና አለባት፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች አብራሪ ሆነው ሊያለማምዷት ነው። ነገሩ ቀላል ነበር። ቀላል ነገር ግን አባባ አምባው ጋ ሲደርስ ይከብዳል።]

አምባው፦ ቁጥር አንድ እኔ ነኝ አልሁህ። አለቀ።

አየሉ፦ ልጅቷ እኮ ቁጥር አንድ ጋሪው ነው ብላለች፣ አያ አምባው።

አምባው፦ ጋሪ አንድ ሆኖ ቃልኖዒት ሁለት? እኔ እዚህ አገር የገባሁት በፈረንጅ ሰማንያ አራት ነው። አንተ በዘጠና አንድ። ትናንት በለው።

አየሉ፦ እርስዎ ሱዳን ድረስ በእግርዎ ነው የመጡት። እኔ ከአዲስ አበባ ጀምሬ በአየር ነኝ።

አምባው፦ ወንበሩ ተነቅሎ፣ ወለል ላይ ተደርድራችሁ። ይኼም በረራ ተብሎ?

አየሉ፦ ወለል ላይ የተቀመጠ አይወድቅም ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁ።

አምባው፦ እኔ ከሱዳን ስሳፈር መስኮት አጠገብ ነበርሁ። ክንፉን እያየሁ ነው የመጣሁ። ክንፍ ያየና ወለል ያየ እኩል አያወራም።

አየሉ፦ እንግዲያው ቁጥር አንድ ይሁኑ።

[ሬዲዮው ጭርር አለ።]

ሃዳስ፦ ትሰሙኛላችሁ? ደንቡ ይኼ ነው። እኔ የመቆጣጠሪያው ማማ ነኝ። የምላችሁን ቃል በቃል ትደግሙልኛላችሁ። ልክ ከሆነ ትክክል እላለሁ። ካልሆነ ደግሞ... እ... እነግራችኋለሁ።

አየሉ፦ ባለፈው ምን ነበር የጣለሽ፣ ልጄ?

ሃዳስ፦ ፈታኙ ነው። አብራሪ ሆኖ ተጫወተ። ሦስት ሺህ ጫማ ላይ ቆይ አልሁት፤ ሁለት ሺህ ብሎ ደገመልኝ። እሺ ብዬ አለፍሁ። መለማመጃው ስክሪን ላይ ሁለት አውሮፕላን ተጋጨ።

አምባው፦ ስህተቱን አልሰማሽውም?

ሃዳስ፦ ሰምቻለሁ። ግን ሽበታም ሰው ነው፣ አባባ። ተሳስተዋል ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

አምባው፦ [ወደ አየሉ ዞረው] ሰማህ አስተዳደግ? ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግሁ። ኮል ሃካቮድ፣ ጎበዝ ልጄ።

ሃዳስ፦ ጨዋዋ ነገም ከወደቀች ሌላ ዕድል የላትም። ኮርሱ በዚያው ያበቃል።

[አባባ አምባው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ልጅቷ ለዚህ ነገር ሁለት ዓመት ስትለፋ አይተዋል፤ አንጀታቸውን ትበላቸዋለች። ነገ እሷ ብትወድቅ እሳቸው ከሷ በላይ እንደሚታመሙ ያውቁታል።]

አምባው፦ በይ ጀምሪ። ቁጥር አንድ እኔ ነኝ፤ አንቺን ምን ብዬ ልጥራሽ?

ሃዳስ፦ ማማ ብለው ይጥሩኝ። ከዚያ ያሉበትን ይንገሩኝ።

አምባው፦ ማማ፣ እንደምን ዋልሽ?

ሃዳስ፦ ደህና፣ ቁጥር አንድ። ያሉበት...

አምባው፦ እናትሽስ ወገቧን ተሻላት? እነ ሊያት ደህና ናቸው?

ሃዳስ፦ አባባ፣ አውሮፕላኑ እየበረረ ነው።

አምባው፦ ቢበርስ? ከሰማይ የመጣ እንግዳ ሰላም ሳይል ይገባል?

ሃዳስ፦ ሰላምታዎ ሳያልቅ እኮ ለሃቪም ከተማን አልፈው ሄደዋል። አሁን ያድምጡኝ። ከዛፉ ጀርባ ይጠብቁ፤ እስክጠራዎት እንዳይነሡ።

አምባው፦ እሺ።

ሃዳስ፦ ይድገሙልኝ።

አምባው፦ እሺ።

ሃዳስ፦ እሺን ሳይሆን እኔ ያልሁትን።

አምባው፦ እሺ ካልሁ በኋላ መልሶ የጠየቀኝ ሰው የለም። የኔ እሺ የተፈረመ ወረቀት ነው።

አየሉ፦ [ቀስ ብለው] የት ይጠብቁ ነው ያለችዎ?

አምባው፦ እሷ ታስታውሰዋለች።

[በስንት ልመና ዛፉ ጀርባ ገቡ። ተራው የአየሉ ሆነ።]

ሃዳስ፦ ቁጥር ሁለት፣ አግዳሚው ወንበር ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ይታጠፉ።

አየሉ፦ ቁጥር ሁለት፣ አግዳሚው ጋ ስደርስ ወደ ቀኝ እታጠፋለሁ።

[በረንዳው ላይ ሃዳስ ከንፈሯን ነከሰች።]

ሃዳስ፦ እ... አባባ አየሉ... ቀኝም ክፉ አይደለም፣ ግን ምናልባት...

አምባው፦ ግራ ነው የተባልኸው፣ አንተ ሰውዬ። ሰዓት የሚታሰርበት እጅ።

አየሉ፦ ሰዓት አላስርም።

ሃዳስ፦ [እፎይ ብላ] አዎ፣ ግራ። እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ። አሁን ቁጥር ሁለት፣ ወደ ሁለት ሺህ ጫማ ዝቅ ይበሉ።

አየሉ፦ ቁጥር ሁለት፣ ወደ አምስት ሺህ ጫማ።

ሃዳስ፦ አም... እሺ፣ ማለት...

አምባው፦ ሁለት ሺህ፣ አየሉ፣ ሁለት። ኤመቅ ሳራ መጋዘን ሃያ ዓመት በዚህ ሬዲዮ ስታወራ ኖረህ ቁጥር መያዝ እንዴት ያቅትሃል?

አየሉ፦ የመጋዘን ዕቃ አርፎ ይቀመጣል። አይበርም።

አምባው፦ ያለኔ ዛሬ ስንት ሰው ባለቀ።

ሃዳስ፦ ሬጋ፣ ሬጋ፣ አንዴ ቆዩኝ። ማረፍ እንሞክር። ቁጥር ሁለት ቀድመው ያርፋሉ፤ ቁጥር አንድ ይጠብቃሉ።

አየሉ፦ ከአያ አምባው በፊት? ነውር አይደለም እንዴ? እሳቸው ይቅደሙ።

አምባው፦ ማማ ፈቅዳልሃለች፣ ግባ።

አየሉ፦ ኧረ በሞቴ ይቅደሙ።

አምባው፦ አንተ ትሙት አልቀድምም።

ሃዳስ፦ ማማ ለሁለቱም። ነዳጃችሁ አልቋል።

አምባው፦ እንግዲያው ጎን ለጎን እንግባ።

ሃዳስ፦ መንደርደሪያው ጠባብ ነው፣ አባባ።

አምባው፦ የሠርግ ቤት በር እንኳ ተጠጋግቶ ለገባ ሁለት ሽማግሌ ይበቃል።

[ሃዳስ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። ሰዓቷን አየች፤ አየሉን ወደ በሩ፣ አምባውን ወደ ዛፉ ጀርባ ልካ እንደገና ጀመረች።]

ሃዳስ፦ ቁጥር ሁለት፣ ከበሩ ተነሥተው ወደ ዛፉ ይምጡ። ቁጥር አንድ፣ ባሉበት ይቆያሉ።

አየሉ፦ ቁጥር ሁለት፣ ባለሁበት እቆያለሁ።

ሃዳስ፦ እ... አባባ አየሉ...

አምባው፦ [የሬዲዮውን ቁልፍ ጭብጥ አድርገው] አንተ ነህ የምትሄደው፣ እኔ ነኝ የምቆመው። አሁንስ ሰለቸኝ። ቆይ፣ በረራ እንዴት እንደሆነ ላሳይህ። እየኝ፣ ክንፍ እንዲህ ይዘረጋል...

[ቃልኖዒቷ ከዛፉ ጀርባ ወጥታ በግቢው መንገድ ወደ በሩ ትፈስ ጀመር። አባባ አምባው ቁልፉን ሳይለቁ ያስተምራሉ፤ እሳቸው ቁልፉን እስከያዙ ድረስ የማንም ድምፅ አይገባም። በዚህ መካከል የአትክልት ሱቁ ነጭ መኪና በኋላ ማርሽ ወደ ግቢው ገባች። ሃዳስ ከላይ አየች። በሬዲዮው ተጣራች፣ አልሰሙም። ሬዲዮውን ጣለችና በረንዳው ብረት ላይ ተንጠራራች።]

ሃዳስ፦ ቁጥር አንድ፣ ተሳስተዋል። ይቁሙ። ጣትዎን ከቁልፉ ያንሡና ዝም ይበሉ።

[ቃልኖዒቷ ቀጥ አለች። መኪናዋ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷት አለፈች። የፎቆቹ መስኮቶች ተከፈቱ። አባባ አምባውን ግን ያስደነገጠቻቸው መኪናዋ አልነበረችም። በሰባ ስድስት ዓመታቸው ዝም ይበሉ ያላቸው ሰው የለም። ባለቤታቸው ጥሩዬ ሳታስበው አልቀረችም፤ አፍ አውጥታ ግን አላለችም።]

አምባው፦ ሰማህ? ዝም ይበሉ አለችኝ።

አየሉ፦ ሰማሁ። ተሳስተዋልም ብላለች።

አምባው፦ በሰፈር ሰው ፊት።

አየሉ፦ ተመስገን ነው።

አምባው፦ ምን አልህ?

አየሉ፦ ያችን ቃል ከአፏ ላወጣ ሦስት ጊዜ አውቄ ተሳሳትሁላት። ሦስቱንም ጊዜ እርስዎ ቀድመው መለሱላት።

አምባው፦ አውቀህ?

አየሉ፦ ግራና ቀኙን ሳይለይ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው አይተው ያውቃሉ?

አምባው፦ ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም? እኔም አውቄ እሳሳትላት ነበር።

አየሉ፦ አውቆ መሳሳቱስ ሦስቴ ተሞክሮ አልሠራ። የምር የሚሳሳት ሽማግሌ ነበር የጎደለን፤ እሱ ደግሞ ከእርስዎ እንደማይጠፋ ልቤ ያውቅ ነበር።

[ሃዳስ ሬዲዮውን ከወለል አነሣች።]

ሃዳስ፦ አባባ... ይቅርታ ያድርጉልኝ። መኪናዋን ሳያት ነው እንጂ...

[አባባ አምባው ሊቆጡ ነበር። ቀና ብለው ሲያዩአት ሬዲዮውን አፏ ላይ እንደያዘች ይቅርታቸውን ትጠብቃለች። ዛሬ ይቅርታዋን ቢቀበሏት ነገ ፈታኙንም ይቅርታ ትጠይቃለች። ይኼን ሲያስቡ ቁጣው በረደላቸው፣ ከልብ አዘኑላትም።]

አምባው፦ ማማ፣ ቁጥር አንድ ነኝ። ማማ አብራሪን ይቅርታ አትጠይቅም። ሥራሽን ሥሪ።

[ሃዳስ ቀጥ ብላ ቆመች።]

ሃዳስ፦ ቁጥር አንድ፣ ያልሁትን ይድገሙልኝ።

አምባው፦ ቁጥር አንድ፣ ተሳስቻለሁ። ቆሜያለሁ። ጣቴን አንሥቼ ዝም እላለሁ።

[ጣታቸውን አነሡ።]

ሃዳስ፦ ትክክል።