ሰው የምትሰበስበው አሸዋ

ትናንት እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወስዶኝ፣ በሕልሜ ጎረቤቴን ጋሽ ይመኑን የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ቆመው አየኋቸው። ጋሽ ይመኑ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሌላው ሹፌር ከመንገድ ከሰልና ሽንኩርት ጭኖ ሲገባ፣ እሳቸው ከአዋሽ፣ ከላንጋኖ፣ ከሞጆ አንዳንድ ጭብጥ አሸዋ ይዘው እየገቡ በየጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ይደረድሩ ነበር። ዛሬም በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በአጉሊ መነጽር ቅንጣቱን አንድ በአንድ ሲያዩ ይውላሉ። እኔም "ጋሼ፣ አሸዋ አሸዋ ነው፤ ምኑ ይታያል?" እያልኩ ስተርባቸው ኖሬያለሁ።

በሕልሜ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ጥጃ የምታክል አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መነጽሯን አጥልቃ ሰው ታጠናለች። ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ ደላላው፣ ቄሱ፣ ዳኛው በየጠርሙሳቸው ክዳን ተከድኖባቸው ቆመዋል። በሩ ላይ የሲሚንቶ ሚክሰር ይዞራል። አምሳያ የበዛበት ሰው ወደዚያ ይደፋል።

"ይሄ ከየት የተለቀመ ነው?" አለች ጋሽ ይመኑን ብድግ አድርጋ።

"ከኮልፌ ነው እመቤቴ። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው።"

"ሰው ሰው ነው፤ ምኑ ይታያል?" ብላ ክዳኑን መፍታት ጀመረች።

"ኧረ እሳቸው ልዩ ናቸው" አልኳት።

"በምን?"

"ራሰ በራ ናቸው።"

"ሁለት መደርደሪያ ሙሉ አለኝ።"

"ሹፌር ነበሩ።"

"ሹፌርማ በአካፋ ነው የምዝቀው።"

ጨነቀኝ። ስንት ዘመን ጎን ለጎን ኖረን አንድ የሚለያቸው ነገር ጠፋኝ። ጋሽ ይመኑ ከጠርሙሱ ውስጥ፣ "ተወው የኔ ልጅ፣ አትድከም። እኔም ስጀምር አንዱን ካንዱ አልለይም ነበር" አሉኝ።

ያኔ ትዝ አለኝ። "ቀልድ ሲነግሯቸው በዕለቱ አይስቁም። በማግስቱ በሬን አንኳኩተው ይገቡና ቁጭ ብለው ይስቃሉ።"

ቅንጣቷ መነጽሯን አወለቀች። "እንዲህ ዓይነቱስ የለኝም። እስቲ አንድ ንገራቸው።"

ነገርኳቸው። ጋሽ ይመኑ ፍንክች አላሉም።

"ዋሸኸኝ" አለች።

"እስከ ነገ ጠብቂኝ" ብዬ እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል፣ ለካ አሸዋ እግር የላትም። ጠርሙሱን ወደ ሚክሰሩ ስታዘነብለው ነቃሁ።

ረፍዷል። እየተንደረደርኩ ግቢ ወጣሁ። ግንበኛው የአጥራችንን ልስን ጨርሶ እጁን ይታጠባል።

"ሊጨርስ ሲል አሸዋ አነሰው" አለችኝ ባለቤቴ። "ከጋሽ ይመኑ ቤት ተበደርኩ። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ አዲሷ ሠራተኛቸው ግን ደግ ናት፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ገልብጣ ባልዲውን ሞላችልኝ። ነገ የኛ የአሸዋ መኪና ሲመጣ እንመልስላቸዋለን።"

ግንበኛው ቀና አለ። "ጥሩ አሸዋ ነው ጋሼ። መንፋት እንኳ አላስፈለገውም።"