የባሕር ባለሙያው የጅጋ አማች

ባሕር የሌለው ሰው ስለ ባሕር ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አፉን የሚይዘው የለም። ፍኖተ ሰላም ጠላ ቤት ተቀምጠን መርከብ ስናዝ፣ ወደብ ስናማርጥ ብታዩን፣ ጨው ያለበት ውኃ ያየነው ወጥ ውስጥ ብቻ መሆኑን ማን ይጠረጥራል!

የእህቴ ልጅ ይበልጣል ግን ከወሬ አልፎ ተማረው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ የባሕርና የባሕር ዳርቻ የተፈጥሮ ሀብት ምጣኔ የሚባል ነገር አጥንቶ፣ የምረቃ ቆብ ደፍቶ መጣልን። በግ አረድን። ከዚያ ሥራ ፍለጋ ተጀመረ። ቢሮ በገባ ቁጥር "ሙያህ ምንድን ነው?" ይሉታል፤ ይነግራቸዋል፤ እነሱም በመስኮት አሻግረው ያያሉ። ውጭው በቆሎ ነው።

በዚህ ላይ ፍቅር ይዞታል። ከጅጋ ወረድ ብሎ ወንዝ ዳር የሚኖሩት የአያ ቢያድግልኝ ልጅ፣ ትሁኔ፣ ልቡን ወስዳበታለች። "እሷን ካጣሁ አገር ጥዬ እጠፋለሁ" አለኝ። ደነገጥኩ፤ ሁለት ሽማግሌ አስከትዬ ሄድኩ።

አያ ቢያድግልኝ ጨዋ ገበሬ ናቸው፤ አንድ ድክመት ቢኖርባቸው ዓሣ ነው። የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ወንዙ ላይ ይበትናሉ፣ ዓሣው ትልቅ ትንሽ ሳይል ሰክሮ ይንሳፈፋል፣ እሳቸው በቅርጫት ይለቅማሉ። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገራቸው ግን የለም።

"ልጅዎን ለልጃችን" ብለን ቆምን።

"ተቀመጡ እንጂ! ልጁ ምን ይሠራል?"

"የባሕር ሀብት አዋቂ ነው።"

"እሰይ! ባሕሩ የት ነው?"

አንዱ ሽማግሌያችን በከዘራው ወደ ወንዙ ጠቆመ። "እንግዲህ ልጄን ውኃ ላይ አልድር፤ እስኪ ሥራ ይዞ እንየው" ብለው ሸኙን።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ። የአያ ቢያድግልኝ መንደር ሰው የወል ሣሩን ክረምት ላይ ይዘጋል፤ እስኪደርስ ከብት እንዳይገባበት ጠባቂ ይሾማል። ያጠፋ ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝብ ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ጠባቂው በዘመዱ ላይ መመስከር አይፈቀድለትም፤ ዘመዱ ካጠፋ ቦታውን ለማይዛመድ ሰው ይለቃል። ይበልጣል ይህን ያውቃልና፣ መንደሩ ሲሰበሰብ እዚያው ሄዶ ብድግ ብሎ "ሣሩን እንደምትዘጉት ወንዙንም ዝጉት፤ የሁሉም የሆነ ነገር ሁሉም ከተሻማበት ያልቃል፤ ዓሣውም ይራባ" አላቸው። ወደዱለት። ከመንደሩ ማንንም አይዛመድምና ጠባቂ አድርገውም እሱኑ ሾሙት። ደመወዝ የለውም እንጂ ባለሥልጣን ሆነ!

አንድ ማለዳ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ወንዙ ዳር ሲደርስ ቅርጫት የያዘ ሰው አየ። አያ ቢያድግልኝ! ዙሪያቸውን ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፍፏል። ቢከሳቸው ትሁኔ ቀረች፤ ቢተዋቸው ስሙ ጠፋ። "እሑድ ሕዝብ ፊት እንገናኝ፣ አያ" ብሏቸው፣ እንባውን እየጠረገ እኔ ዘንድ መጣ። እኔም "በቃ፣ ሌላ ትፈለግልህ" ከማለት ሌላ መላ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት የአያ ቢያድግልኝ መልእክተኛ ከተፍ አለ። "ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ዛሬውኑ መጥታችሁ ቃል እሰሩ ብለዋል።"

"ምነው ቸኮሉ?"

"ከነገ በፊት ይሁን ነው ያሉት።"

ያኔ ገባኝ። አማች ከሆነ አይመሰክርባቸውማ! ይበልጣልን ዞር ብዬ አየሁት። ኅሊናውና ፍቅሩ ሲታገሉ አየሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጁ ግን ጫማውን እያሰረ ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ "ተዛምጃለሁና ለቅቄያለሁ" አለ። ያን ዕለት የሞተው ዓሣ ውኃ በሚቀዱት ሴቶች ፊት ሲያልፍ ስለዋለ ምክንያቱ የጠፋው ሰው አልነበረም። የማይዛመድ ጠባቂ ይፈለግ ተባለ። አያ ቢያድግልኝን የማይዛመድ ከየት ይምጣ! አንዱ በሥጋ፣ አንዱ በጋብቻ፣ አንዱ በክርስትና። መሪጌታው ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው "እንግዲያስ እሳቸውኑ እንሹማቸው፤ ቢያንስ ብርብራው የት እንዳለ እናውቃለን" አሉ። ሳቅ ሆነ፤ ሹመቱ ግን ጸደቀ።

ታዲያ አያ ቢያድግልኝ ሹመቱን የምራቸውን ያዙት። ዱላቸውን ይዘው ወንዙ ዳር ይውላሉ፤ እጁን ሊታጠብ የጎነበሰውን ሁሉ በጥርጣሬ ያያሉ። ዓሣው በረከተ፤ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ጀርባው ይታያል።

ሰርጉ አልፎ ትሁኔም አረገዘች። አማራት። ምን? ዓሣ!

ይበልጣል አማቱ ዘንድ ሮጠ። "አንድ ብቻ፣ አባባ፤ ለልጅዎ እኮ ነው።"

"ለዘመዱ አደላ ልታሰኘኝ ነው? ወንዙ ተዘግቷል! ያስተማርከንስ አንተው አይደለህም እንዴ?"

ምን ያድርግ፤ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቡሬ ሄደና በቆርቆሮ የታሸገ የባሕር ዓሣ ገዝቶ መጣ። የእህቴ ልጅ በዚህ ዓይነት ከባሕር ሀብት ተጠቃሚ ሆነ። ትሁኔ አንድ ጉርሻ ቀምሳ "ኧረ ይኼ አይደለም ያማረኝ!" አለችና የቀረውን ለአባቷ ላከችላቸው። አያ ቢያድግልኝም ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ዓይናቸውን ከወንዙ ሳይነቅሉ፣ ጥርግ አድርገው በሉት።