ለአሥራ ሰባት ቁጥር የተሰጠ የእድገት ሽልማት

እድገት ባየንበት ሁሉ እንድናጨበጭብ በተወሰነበት በ2004 ዓ.ም.፣ በጎንደር ከተማ፣ ስሙን ብጠራው በሚቀየመኝ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ፕሮቲኖች ተገምግመዋል። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፕሮቲኖቹ ስብሰባው ላይ ስላልተገኙ በሌሉበት ታይተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተመራማሪያችን ፈህሚያ ለጥናቷ ከአንድ መቶ ሃያ ሰው ደም ወሰደች። ሥራው የተጀመረ ዕለት ኃላፊያችን አቶ አላምረው አርአያ ለመሆን ከሁሉ ቀድመው ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ፎቶም ተነሡ። ደሙን ወዲያው ረሱት፣ ፎቶውን ግን ቢሯቸው ሰቀሉት። ለናሙናዎቹ በዕጣ ቁጥር ወጣላቸው፤ የየትኛው ቁጥር ባለቤት ማን እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር በፖስታ ታሽጎ ካዝና ገባ። ፖስታው የሚከፈተው በአቶ አላምረው ፊርማ ብቻ ነው።

ውጤቱ ሲደርስ ፈህሚያ የግምገማ ኮሚቴው ስብሰባ ፊት ቆመች።

«በልብ ደም ሥር ግድግዳ ላይ ስብ ይጋገራል። አንዱ ፕሮቲን እዚያ ስብ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንዲያድጉ ያዛል፤ ሌላው ይበቃል ብሎ ይገታል። አዲሶቹ ሥሮች ስቡን ይቀልቡታል፤ ስስ ስለሆኑ ደግሞ ይፈነዳሉ። ያን ጊዜ ልብ ቀጥ ልትል ትችላለች። አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ አሳዳጊው ከሁሉም በልጧል፤ ገቺው ተሟጧል። ፖስታው ይከፈትና ሰውየውን ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።»

አቶ አላምረው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ገቺ ነው ያልሽው? ምኑን ነው የሚገታው?»

«እድገቱን።»

«እድገቱን!» አሉና ዞር ዞር ብለው አዩን። ሁላችንም በጣም አዘንን።

ግምገማው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ገቺው ፕሮቲን የእድገት ማነቆ ሆኖ ተገኘ። ግለ ሂስ እንዲያደርግ ዕድል ቢሰጠውም ዝምታን ስለመረጠ «ሐ» ተሰጠው። አሳዳጊው ያለ ተቃውሞ «ሀ» አገኘ።

«አሥራ ሰባት ቁጥርስ?» አለች ፈህሚያ።

«ሞዴል ፈጻሚ ነው። ሞዴል ይሸለማል እንጂ ሐኪም ቤት ይላካል እንዴ?»

«ያ አላህ! አቶ አላምረው፣ ሰውየው እኮ ሊሞት ይችላል!»

«አፍራሽ አነጋገር ነው። ይመዝገብ።»

መዘገብኩ። ጽሕፈቴ ያምራል፤ ለዚህም ሁለት ጊዜ ተመስግኛለሁ።

ፈህሚያ ፖስታው እንዲከፈት አራት ደብዳቤ ጻፈች። አራቱም «ለሽልማቱ ቀን ይቆይ» ተብለው ተመለሱ። አራተኛው የተመለሰ ቀን በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ከኮሶዬ ገጠር የመጡት ዘበኛችን አያ ቢያዝን አዩዋት።

«ምነው ልጄ?»

ሁሉንም ነገረቻቸው። አያ ቢያዝን ትንሽ አሰቡ።

«አምና የእኔም ማሳ አረሙ ሸጋ ሁኖ አድጎልኝ ነበር። ምነው እኔን የሸለመኝ ጠፋ?» አሉ።

ዘበኛ የኮሚቴ አባል ስላልሆነ ይህ አልተመዘገበም።

የሽልማቱ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። «እድገታችን ከደም ሥራችን ይጀምራል» የሚል ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ተሰቅሏል። አቶ አላምረው ስለ አሳዳጊው ፕሮቲን ታታሪነት ሃምሳ ደቂቃ ተናገሩ፤ መሐል ላይ ሁለቴ ደረታቸውን ይዘው አረፍ አሉ። ከዚያ ፈርመው ፖስታውን ሰጡኝ። ከፈትኩት።

«አሥራ ሰባት ቁጥር... አቶ አላምረው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጋቢ ተደረበላቸው። «እኔስ ጠርጥሬ ነበር» አሉ በትሕትና። ጭብጨባው እስኪበርድ ፈገግ እንዳሉ ቆዩ። ያላጨበጨበችው ፈህሚያ ብቻ ነበረች፤ እሷን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ፈህሚያ... ያ ይፈነዳል ያልሽው ነገር...»

«አሁኑኑ እንሂድ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «የሐኪም ቤት መላኪያ ደብዳቤ ጻፍልኝ፣ ቶሎ!»

«ጌታዬ፣ ሞዴል ፈጻሚ ሐኪም ቤት አይላክም ተብሎ ተወስኗል። ውሳኔውን የሚሽረው ኮሚቴው ነው፤ የሚሰበሰበው ደግሞ በየሦስት ወሩ ነው።»

«ሰብሳቢው እኔ አይደለሁም እንዴ!»

«ይመዝገብ?» አልኩ።

ፈህሚያ መልሳቸውን አልጠበቀችም። በጋቢያቸው ጫፍ እየጎተተች አወጣቻቸውና በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። ሐኪሞቹ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር አሉ። ተረፉ፤ እግዜር ይመስገን።

አቶ አላምረው ከሦስት ወር በኋላ ከስተው፣ አምሮባቸው ተመለሱና ኮሚቴው ተሰበሰበ። ገቺው ፕሮቲን በስሕተት መገምገሙ ታምኖበት «ሀ» ተሰጠው፤ በሌለበትም ይቅርታ ተጠየቀ። ፈህሚያ ግን ያለ መላኪያ ደብዳቤ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ከሥራ ገበታቸው ላይ ወስዳ በማሳከሟ «ሐ» ተሰጣት።

ይህንንም መዘገብኩ።