የሰገነቱ ጆሮ

ኦፔራ ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ከጣሪያው ሥር ባለው ሰገነት፣ ርካሹ ወንበር ላይ፣ ምንም ነገር አርክቶት የማያውቅ አንድ ሰው አለ። መልአክ ወርዶ ቢዘምርለት «ድሮ ይሻል ነበር» ይላል። ከፓርማ ወጣ ብላ ባለችው ትንሿ ከተማችን ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡር ሲኞር አዴልሞ ናቸው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎርማጆ ሲያዳምጡ ኖረዋል። የጋሪ ጎማ የሚያክለውን ፎርማጆ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርገው፣ ጆሯቸውን ደግነው፣ «ይሄ ደህና፤ ይሄ ውስጡ ተሰንጥቋል» ማለት ሥራቸው ነበር። ጡረታ ሲወጡ ፎርማጆውን ተዉ፤ መዶሻዋን ግን አልተዉም። የጎረቤት ሐብሐብ፣ የቄሱን ወንበር፣ አንዴም የአማቻቸውን ራስ መታ መታ አድርገው ፍርድ ሰጥተዋል። የአማቻቸው «ባዶ» ነው።

እኔ ከመድረኩ የኋላ ረድፍ ከሚያዜሙት አጃቢዎች አንዷ ነኝ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ያ ድምፅ ከጣሪያ ሥር ሲወርድብኝ ኖሯል፦

«ዛይራ! አፍሽ ሲከፈት አያለሁ፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም!»

ሕዝቡ ይስቃል፤ እኔ እቀላለሁ። በነጋታው ጭጋግ በለበሰው በፖ ወንዝ ዳር ቆሜ፣ ድምፄን ማዶ ላሉት ረጃጅም ዛፎች እወረውራለሁ።

ከዚያ ኦፔራ ቤታችን ለእድሳት ተዘጋና የድምፅ መሐንዲሷ ሎሬዳና መጣች። አባቶቻችን ብርድ ፈርተው ያነጠፉትን ምንጣፍ አስነሳች። ከሙዚቀኞቹ ወለል ሥር የተሞላውን ሲሚንቶ አስቆፍራ፣ ጣውላውን እንደ ከበሮ ቆዳ ዘረጋችው። ሲኞር አዴልሞ ከነመዶሻቸው ከተፍ አሉ። መታ፣ መታ።

«ውስጡ ባዶ ነው! እንዲህ ያለውን ፎርማጆ እኔ ለአሳማ ነበር የምሰጠው!»

«ባዶ እንዲሆን እኮ ነው የለፋሁት፣ አባባ። ድምፁ የሚያስተጋባው እዚያ ነው።»

«እሺ ልጄ፣ እግሬስ የሚሞቀው የት ነው?»

ለመክፈቻው ቀን አንዲት ስንኝ ለብቻዬ ተሰጠችኝ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ። ዳይሬክተሩ ግን ቁርጡን ነገሩኝ፦ «በሙከራው ቀን እሰገነቱ ላይ እቀመጣለሁ። ካልተሰማሽኝ ከሚላኖ ሌላ ዘፋኝ አስመጣለሁ።»

የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይመጥጣል። ስለዚህ ሎሬዳና ለሙከራው የከተማውን ሰው ከነካፖርቱ ጠርታ ቤቱን ሞላችው። «ትንፍሽ እንዳትሉ» አለች፣ ወደ ሰገነቱ እያየች። ከተማው በሙሉ ወደ ሰገነቱ አየ።

ዘፈንኩ። ጣውላው ከሥሬ ተነፈሰ፤ ግድግዳ ለግድግዳ እየተቀባበለ ድምፄን ወደ ጣሪያው ይዞት ወጣ። ከዚያ ዝም።

ሎሬዳና ያልነገረችን አንድ ነገር ነበር፤ ድምፅን ወደ ላይ ያደረሰ ቤት ወደ ታችም ያደርሳል። በዚያ ጸጥታ መሀል ሲኞር አዴልሞ ለዳይሬክተሩ ሹክ ያሉት፣ አጠገቤ እንዳሉ ሁሉ ጆሮዬ ገባ።

«ሰማሃት አይደል? ሚላኖህን እዚያው ተዋት። እኔማ ሁሌም እሰማት ነበር። ብነግራት ልምምዱን ትታ ታርፋለች ብዬ ነው እንጂ።»

ቤቱ በሙሉ ሰማ። ከላይ አፍንጫ የመናፈጥ ድምፅ መጣ፤ እሱም ጥርት ብሎ። ቀና ብዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እንባ አነቀኝ።

«አላልኳችሁም?» ሲሉ ጮኹ ሲኞር አዴልሞ። «አፏ ይከፈታል፤ የሚወጣ ነገር የለም!»